«አራት ዓመት ተምረሽ መጋዘን ልትጠብቂ ነው?»

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ጨርሼ ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ገብቻለሁ፤ ውጤቴ 3.2 ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዲፓርትመንት መምረጥ አለብኝ። ልቤ ያለው ሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት ላይ ነው። አባቴ ግን ‹አራት ዓመት ተምረሽ መጋዘን ልትጠብቂ ነው? አካውንቲንግ ግቢ› ይለኛል። አጎቴ ደግሞ ‹ትራንዚተር ሁኚ፣ ሀብታም ትሆኛለሽ› ይላል። ትምህርቱ በትክክል ምንድን ነው? ሥራስ አለው? ከአካውንቲንግ ይሻላል?» ሰ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦

እህታችን ሰ.፣ አባትሽም አጎትሽም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ከዚህ ትምህርት ክፍል የሚመረቁ ብዙ ልጆች የመጀመሪያ ደመወዛቸውን የሚያገኙት መጋዘን ውስጥ ወይም ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) በመሰብሰብ ነው። አባትሽ የዘለሉት ነገር፣ እዚያው የሚቀረውና ከዚያ የሚያድገው ሰው በምን እንደሚለያይ ነው። አጎትሽ ደግሞ የሚያዩት የተሳካላቸውን ትራንዚተሮች፣ ማለትም የአስመጪና የላኪን የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽሙትን ነው፤ ፋይል ታቅፈው ከጉምሩክ ባንክ የሚመላለሱትን አልቆጠሩም።

ሐሳባችንን ከመጀመሪያው እንንገርሽ። ሰነድ ከሰነድ ማመሳከር፣ የጎደለ ቁጥር ከየት እንደጎደለ እስኪገኝ መፈለግ፣ ስልክ ለማያነሳ ሰው ደጋግሞ መደወል የማይሰለችሽ ከሆነ ግቢበት። ይህ የሚያስጠላሽ ከሆነ ግን ይቅርብሽ፤ በነገራችን ላይ አካውንቲንግም ቢሆን ከወረቀት አያድንሽም።

ትምህርቱ አንድ ዕቃ ከምንጩ ተነስቶ ተጠቃሚው እጅ እስኪገባ ባለው መንገድ ላይ የሚነሱ ጥያቄዎችን ሁሉ ይመለከታል፦ ስንት ይታዘዝ፣ መቼ፣ ከማን፣ በስንት፣ በምን ተጭኖ ይምጣ፣ የት ይቀመጥ። ፍሬሽማኑን ስላለፍሽ ሦስት ዓመት ይቀርሻል። በእነዚህ ዓመታት ግዥ፣ የመጋዘንና የክምችት አስተዳደር፣ ትራንስፖርት፣ ዓለም አቀፍ ንግድና ጉምሩክ፣ ኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት ትማሪያለሽ። ተማሪዎችን የሚጥሏቸው ስታቲስቲክስና ኦፕሬሽንስ ሪሰርች (የሥራ ውሳኔን በሒሳብ ማስላት) ናቸው። «ማኔጅመንት» የሚለውን አይተው ሽምደዳ ብቻ መስሏቸው የገቡ እዚህ ላይ ይደነግጣሉ። በፍሬሽማን ሒሳብ ደካማ ከነበርሽ ክረምቱን አማካይ፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽንና ፕሮባቢሊቲ ላይ አሳልፊው።

ስሙም አያደናግርሽ። ዘርፉ ቀድሞ «ፐርቸዚንግ ኤንድ ሰፕላይስ ማኔጅመንት» ይባል ነበርና ዛሬም ማስታወቂያዎች ላይ በዚህ ስም ይወጣል። ያንቺ ዲግሪ «ሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን» ስለሚል ብቻ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ አትለፊው።

አሁን ሥራው ምን እንደሚመስል ከቅርብ እንይ። አገራችን ወደብ ስለሌላት፣ ገቢ ዕቃዋም በአብዛኛው በጅቡቲ ስለሚያልፍ፣ እዚህ አገር የሎጂስቲክስ ባለሙያ ከመኪናና ከመጋዘን ይልቅ የሚውለው ከሰነድ ጋር ነው። አንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ የማሽን መለዋወጫ በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ከቻይና አዘዘ እንበል። ሻጩ ፕሮፎርማ ኢንቮይስ ይልካል፤ በእሱ መሠረት የውጭ ምንዛሪ ይጠየቅና ባንክ ኤልሲ (ሰነዱ ከተሟላ ለሻጩ እንደሚከፍል ባንኩ የሚገባው የጽሑፍ ቃል) ይከፈታል። ሻጩ ዕቃውን ጭኖ ኮሜርሻል ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት (የታሸገው ዕቃ ዝርዝር)፣ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (አጓጓዡ የሚሰጠው የጭነት ሰነድ) እና የስሪት አገር ሰርተፊኬት ያቀርባል። ዕቃው ጅቡቲ ይራገፋል። በመልቲሞዳል፣ ማለትም ባሕሩንም የብሱንም በአንድ አጓጓዥ ኃላፊነት ከመጣ፣ እንደ ኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ያለ ድርጅት በአንድ ቢል ኦፍ ሌዲንግ እስከ ደረቅ ወደብ ያደርሰዋል፤ ሞጆ ወይም እዚያው እናንተ ከተማ። ከዚያ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርብ የዕቃ ማሳወቂያ) ይሞላል፣ ቀረጥና ታክስ ይከፈላል፣ ፍተሻ ይደረጋል፣ ዕቃው ይወጣል።

ነገር የሚበላሸው በትንሽ ልዩነት ነው። ፓኪንግ ሊስቱ «የተጣራ ክብደት 8,420 ኪሎ» ይላል፤ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ደግሞ «ጠቅላላ ክብደት 8,240 ኪሎ»። ማሸጊያውን ጨምሮ የተመዘነ ዕቃ ማሸጊያው ሳይቆጠር ከተመዘነው ሊያንስ አይችልም፤ ሲጻፍ አንድ ሰው 4ን እና 2ን አቀያይሯል። ኤልሲ በሚመራበት የዩሲፒ 600 ደንብ ባንኩ ሰነዱን ለመመርመር እስከ 5 የባንክ ሥራ ቀን አለው፤ ሰነዱም ዕቃው በተጫነ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። እንዲህ ያለ ግጭት ከተገኘ ባንኩ ሰነዱን አልቀበልም ሊል ይችላል። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ማሻሻያ ይጠየቃል፣ ቀናት ይሄዳሉ፤ ኮንቴይነሩ ቀድሞ ከደረሰ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል፣ ኮንቴይነሩን በጊዜው ላለመመለስም ቅጣት አለ። ኢንቮይሱ ላይ ዝርዝር ሳይኖር «መለዋወጫ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ደግሞ ጉምሩክ ላይ ሌላ ክርክር ይነሳል፤ የቀረጡ ልክ የሚወሰነው በኤችኤስ ኮድ (በዓለም አቀፉ የዕቃ መመደቢያ ቁጥር) ነው፣ ያለ ዝርዝር ኮዱን መምረጥ አይቻልም። ይህን ሁሉ ሻጩ ረቂቁን በኢሜይል በላከበት ቀን የምታይ ሠራተኛ ለድርጅቱ የወራት ደመወዟን በአንድ ከሰዓት ታተርፋለች። አጎትሽ የሚያወሩላቸው ትራንዚተሮች ገንዘብ ያገኙትም በዚህ ዓይን ነው። ፈቃዱ ግን በምርቃት ማግስት የሚታደል አይደለም፤ የጉምሩክ ኮሚሽን ያወጣውን መመዘኛ ማሟላት ይጠይቃል፣ በተሳሳተ ዲክላራሲዮንም ያስጠይቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሌላ ሰው ቢሮ ውስጥ ፋይል እየተከታተሉ መሥራት የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የስሌት ነው። አንድ ሳሙና ፋብሪካ ከውጭ የሚያስመጣውን ጥሬ ዕቃ በቀን በአማካይ 40 ከረጢት ይጠቀማል፤ ሥራ ሲበዛ 50 ይደርሳል። ከትዕዛዝ እስከ መጋዘን በአማካይ 60 ቀን ይፈጃል፤ ሲከፋ 90። በአማካዩ ብቻ ከሄድሽ 40 በ60፣ ማለትም 2,400 ከረጢት ሲቀር ታዢያለሽ። መርከቡ ዘግይቶ ፍጆታውም ከጨመረ ግን 50 በ90፣ 4,500 ከረጢት ያስፈልጋል። ልዩነቱ 2,100 ከረጢት መጠባበቂያ ክምችት ይባላል። አንዱ ከረጢት 1,500 ብር ቢሆን መጋዘን ውስጥ የተኛ 3,150,000 ብር ማለት ነው። የፋይናንስ ኃላፊው «ይህ ሁሉ ብር ለምን ይተኛል?» ይላል፤ የምርት ኃላፊው «ማሽን ከቆመ አንቺን ነው የምጠይቀው» ይላል። አንቺ የምትቀጠሪው በሁለቱ መካከል ቁጥር ይዘሽ እንድትቆሚ ነው። ከኅዳር 2016 ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ሲጠቁ አማካይ ቀኑን ብቻ ይዘው ያቀዱ ድርጅቶች የተቸገሩበት ምክንያት ይኸው ነው። እዚህ ላይ መማሪያ መጽሐፉ በአንድ ጊዜ ስንት ማዘዝ እንደሚያዋጣ ስለሚያሰላው የምጣኔ ትዕዛዝ ቀመር ረጅም ምዕራፍ አለው፤ ቀመሩን ለፈተና ቻይው፣ እኛ አገር ግን ራስ ምታቱ የትዕዛዙ መጠን ሳይሆን የቀኑ መዋዠቅ ነው።

ወደ ሥራው መስክ እንሂድ። አባትሽን ስላስጨነቃቸው መጋዘኑን እናስቀድም። የንብረት ክፍል ሥራ የዕቃውን ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በሚመዘግቡት ቢን ካርድና ስቶክ ካርድ ይመራል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ሞዴል 19 በሚባል ቅጽ ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል። ቅጥር ላይ «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል» መባሉ የተለመደ ነው፤ ንብረት ከጎደለ አንቺም ዋስሽም ትጠየቃላችሁ ማለት ነው። አዲስ ሠራተኞች ጉድ የሚሆኑት ቁልፍ በተቀበሉበት ቀን ነው። የቀድሞው ንብረት ክፍል ቸኩሎ ሊሄድ ነው፤ አለቃው «በኋላ ትቆጥሪዋለሽ፣ አሁን ሥራ እንዳይቆም» ይላል። ከስድስት ወር በኋላ ኦዲት ሲመጣ 14 ጎማ ይጎድላል፤ መቼ እንደጎደለ የሚያሳይ ወረቀት የለም። ስለዚህ ያለ ቆጠራና ያለ ርክክብ ሰነድ ቁልፍ አትቀበዪ። ቆጠራው ኮሚቴ ባለበት ይደረግ፤ በካርድ ያለው፣ በቆጠራ የተገኘው፣ ልዩነቱ በሦስት ዓምድ ይጻፍ፤ አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ ይፈርሙበት፤ አንድ ቅጂ አንቺ ጋ ይቅር። መጋዘኑ ትልቅ ከሆነ በየቀኑ የተወሰነ ክፍል እየቆጠሩ ማሸግ ይቻላል። በዚህ ሥራ ሁለት ዓመት በደንብ የሠራች ልጅ የክምችት ተቆጣጣሪ ወይም የመጋዘን ኃላፊ ለመሆን ትወዳደራለች፤ ዕቃ የማውጣት ወረቀት ብቻ ስትጽፍ የከረመች ግን ባለችበት ትቀራለች። ልዩነቱ የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚንቀሳቀስ፣ የትኛው ዓመት ሙሉ እንዳልተነካ በወር አንድ ገጽ ሪፖርት ማውጣቷ ነው። ማንም ባያዛትም።

ግዥ ብዙ ሰው የሚቀጠርበት መስክ ነው። በግል ድርጅት ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ማወዳደር መነሻው ነው፤ ማወዳደር ሲባል ግን ዋጋ ብቻ አይደለም። አንዱ ከቫት ጋር፣ ሌላው ያለ ቫት ይጽፋል፤ አንዱ ማጓጓዣ ይጨምራል፣ ሌላው አይጨምርም፤ አንዱ ዋጋው ለ3 ቀን ብቻ የሚጸና ነው። ሁሉንም ወደ አንድ መሠረት ሳታመጪ ርካሹን ከመረጥሽ ውዱን ገዝተሽ ልትገኚ ትችያለሽ። በመንግሥት በኩል ግልጽ ጨረታ፣ ውስን ጨረታ፣ የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ)፣ ቴክኒካልና ፋይናንሻል ሰነድ በየራሱ ኤንቨሎፕ የሚሉትን ታገኛለሽ፤ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ወደ ኤሌክትሮኒክስ የግዥ ሥርዓት እየገቡ ስለሆነ ተማሪ ሳለሽ ድረ ገጹን ከፍተሽ የጨረታ ሰነዶችን ማንበብ ትችያለሽ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ እረፍት አይታሰብም፤ ስህተትም የሚበዛው በዚያን ጊዜ ነው። አንድ ነገር በግልጽ እንበልሽ፦ በዚህ ሥራ «ኮሚሽን» የሚያቀርብ ሻጭ ይገጥምሻል። ሥራሽን የምታጪው ፕሮፎርማ ከተመሳሳይ ሰው በሦስት ድርጅት ስም ሲመጣ እያወቅሽ ስትፈርሚ ነው። ማኅተሙን፣ ስልኩን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ማመሳከር አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጅብሽ።

ወጪ ንግድም አለ። ቡና ላኪዎች ዘንድ 60 ኪሎ የሚይዝ ጆንያ በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320፣ ማለትም 19.2 ቶን ይጫናል፤ አበባ ደግሞ ቀዝቃዛ ሰንሰለቱ ሳይቋረጥ በቦሌ ካርጎ መውጣት አለበት። በረድኤት ድርጅቶችና በተባበሩት መንግሥታት ተቋማት የሎጂስቲክስ ረዳትነት ደመወዙ ደህና ነው፤ ኮንትራቱ ግን አጭር ሊሆን ይችላል፣ እንግሊዝኛ ሪፖርት መጻፍና ከአዲስ አበባ ውጪ መሥራትም ይጠይቃል። የመድኃኒት አቅርቦት ላይ ብዙ ጊዜ የፋርማሲ ምሩቅ ይፈለጋል። ሆኖም ሥርዓቱን ማየት ይጠቅምሻል፤ ጤና ጣቢያዎች በየ2 ወሩ ሪፖርትና ጥያቄ ይልካሉ፣ ክምችታቸውም ከ4 ወር ፍጆታ እንዳይበልጥ፣ ከ2 ወር እንዳያንስ ተደርጎ ይታቀዳል። ከላይ ያሰላነው ነገር በየቀበሌው ሲሠራ የምታዪው እዚያ ነው። የፍላጎት ትንበያና የምርት ዕቅድ ሥራ በትልልቅ ፋብሪካዎች አለ፤ ለጀማሪ ግን ብዙም አይወጣም።

ከአካውንቲንግ ይሻላል ወይ? በማስታወቂያ ብዛት አካውንቲንግ ይበልጣል፤ በተወዳዳሪ ብዛትም እንደዚያው። ይህን በእኛ ቃል አትቀበዪ፤ ሦስት ሳምንት አለሽና ራስሽ ቁጠሪ። አዲስ ዘመንና ሪፖርተር ላይ፣ ቴሌግራም የሥራ ቻናሎች ላይም የወጡ 30 ማስታወቂያዎች ሰብስቢ፤ በግዥ፣ በንብረት፣ በሎጂስቲክስ፣ በትራንዚት ዙሪያ ያሉትን። በኤክሴል አምስት ዓምድ አውጪ፦ የሥራ መደብ፣ የተጠየቀው ትምህርት በቃል በቃሉ፣ የልምድ ዓመት፣ ቦታ፣ የተጠየቀ ችሎታ። ከዚያ «0 ዓመት» ያሉትን ለያቸው። ብዙዎቹ «አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ሰፕላይስ ማኔጅመንት ወይም ተዛማጅ» እንደሚሉ ታያለሽ፤ ያኔ የሁለቱ ልዩነት አባትሽ እንደሚያስቡት ሰፊ አይሆንብሽም። የተሞላ ሰንጠረዥ ለአባትሽ ከማንኛውም ክርክር ይሻላል፤ ሴት ልጃቸው ሥራ ፈልጋ ሳይሆን ሥራ ቆጥራ እንደመጣች ያያሉ።

በዚያው ጊዜ ራስሽንም ፈትኚ። የምታውቂው ሱቅ ግቢና አምስት ዕቃ ምረጪ፦ ዘይት፣ ሳሙና፣ መኮሮኒ፣ ዱቄት፣ ስኳር። ለ14 ቀን ጠዋት የነበረውን፣ የገባውን፣ የተሸጠውን፣ ማታ የቀረውን መዝግቢ። በየሳምንቱ መጨረሻ ቁጠሪ። ከመዝገቡ ጋር እንደማይገጥም እርግጠኛ ነን። በዱቤ ወጥቶ ያልተጻፈ ይኖራል፣ ከካርቶን የተፈታ ፍሬ ይኖራል፣ ቤት የተወሰደ ይኖራል። ልዩነቱን ለማግኘት እልህ ከያዘሽ ትምህርቱ ያንቺ ነው።

ከገባሽ በኋላ ኤክሴልን ሁለተኛ ዓመት ላይ ጨርሺው፤ ሰም ኢፍስ፣ ቪ ሉክአፕ፣ ፒቮት ቴብል በቂ መነሻ ናቸው። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር መቻል ብዙ ድርጅት ይጠይቃል፤ ኮስት አካውንቲንግ የሚባለውን ኮርስ ከአካውንቲንግ ልጆች እኩል ያዢው። ለተግባር ልምምድ ደብዳቤውን ከሌሎች በፊት ጠይቂ፤ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ፋብሪካዎችም አሏት፣ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግድ አይደለም። ልምምድ ወጥተው ፎቶ ኮፒ ሲያነሱ የሚከርሙ ልጆች ብዙ ናቸው። ምክንያቱ የሚቀበላቸው ሰው ምን እንደሚያሠራቸው አለማወቁ ነው፤ አንድ ገጽ ዝርዝር ይዘሽ ሂጂ፦ የአንድ ዕቃ ፋይል ከግዥ ጥያቄ እስከ ክፍያ መከታተል፣ የ20 ዕቃ ቢን ካርድ ከቆጠራ ጋር ማመሳከር፣ የሦስት ፕሮፎርማ ማወዳደሪያ ማዘጋጀት።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን «የሰፕላይ ቼይን አሠራር በድርጅት አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» ብለሽ መጠይቅ በመበተን አትጨርሺው፤ የመምህራን መደርደሪያ በዚህ ርዕስ ሞልቷል፣ ቀጣሪም አያነበውም። የአንድ መጋዘን የ12 ወር ካርድ ወስደሽ የትኛው ዕቃ ስንት ቀን እንዳለቀ፣ የትኞቹ ጥቂት ዕቃዎች አብዛኛውን ገንዘብ እንደያዙ አስይ። ቃለ መጠይቅ ላይ የምታወሪው ነገር ይኖርሻል። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም ተመራቂ ግዴታ ነው፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ የየኮርሱን ማስታወሻ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ አትጣይ። እንደ ሲፕስ ወይም ሲኤስሲፒ ያሉ የግዥና የሰፕላይ ቼይን ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬቶች ዱባይም ሆነ አውሮፓ ይታወቃሉ፤ ክፍያቸው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ያለ ሥራ ልምድም ብዙ አያስገኙም። ሁለትና ሦስት ዓመት ከሠራሽ በኋላ፣ ከተቻለ ቀጣሪሽ ከፍሎ፣ ብትጀምሪው ይሻላል።

ምደባው በምርጫሽና በውጤትሽ ስለሆነ ቅጹ ላይ ሎጂስቲክስን አንደኛ፣ አካውንቲንግን ሁለተኛ ሙዪ። አካውንቲንግ ከደረሰሽም ግዥና ንብረት ክፍል አይዘጋብሽም። ከመሙላትሽ በፊት ግን ዲፓርትመንቱ ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ፦ እስካሁን ስንት ዙር አስመርቋል? ባለፈው ዓመት ከተፈተኑት ስንቱ የመውጫ ፈተናውን አለፉ? የተግባር ልምምዱ ስንት ሳምንት ነው፣ ቦታውንስ የሚፈልገው ተማሪው ነው ወይስ ዲፓርትመንቱ? ሁለተኛውን ጥያቄ ሸፋፍነው ካለፉሽ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ተማሪዎችን ፈልገሽ አነጋግሪ።